ትልቋ ታነብልዎታለች

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባባ፣

እንደምን ከርመዋል? ወገብዎ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምንድን ነው እንዳይሉኝ። በስልክ ስንገናኝ ሁለታችንም «ደህና ነን፣ ደህና ነን» እንባባልና እንዘጋዋለን። እኔ ደግሞ ዘንድሮ የምለው አለኝ።

ደብዳቤውን ትልቋ ታነብልዎታለች። አምስተኛ ክፍልን ጨርሳለች፤ ጮክ ብላ ማንበብ ትለማመድ ብዬ ነው። እርስዎ ወንበርዎ ላይ ሆነው ብቻ ያዳምጡ። ከተሳሳተች እኔን ያርሙኝ እንደነበረው ያርሟት፤ በእርሳስ ጫፍ ጠረጴዛውን ሁለቴ መታ መታ አድርገው።

ከልጆቹ ልጀምር። ማሙሽ ስድስት ዓመት ሞላው። የፊት ጥርሱ ወልቋል። «አራተኛ ፎቅ ላይ የሚወረወርበት ጣሪያ የለም» ብሎ አለቀሰ። ስለዚህ ጥርሱን ለእርስዎ ጣሪያ ልኮታል። በትልቋ ቦርሳ ውስጥ በሶፍት ተጠቅልሏል፤ ይወርውሩለት። ከሰፈር ሃይላንድ እየለቀመ፣ አፉን እየቆረጠ ቃሪያ ይተክልበታል። በረንዳው ሞልቶ ልብስ የማሰጣበት አጣሁ። ግን አልከለከልኩትም።

አምና ፓርላማው ፌስታል የሚከለክለውን አዋጅ ሲያጸድቅ ለልጆቹ ስለ እርስዎ ዘንቢል ነገርኳቸው። ወረታ ገበያ ስንወርድ እማዬ የሠራችውን ዘንቢል አንጠልጥለው፣ ሽንኩርቱንም ቡናውንም እዚያው ያስደርጉ ነበር። «ፌስታል ላም ይገድላል» ሲሉ ነጋዴዎቹ ይስቁብዎት ነበር። እኔ አፍሬ ሦስት እርምጃ ከኋላ እሄድ ነበር። ይቅር ይበሉኝ አባባ።

ትልቋ የእርስዎን ሰማያዊ ደብተር ማየት ትፈልጋለች። ዝናብ የገባበትን፣ ዋንዛው ያበበበትን፣ ዘውድ የደፉት ትልልቅ ወፎች ሸሸር ረግረግ ላይ የታዩበትን ቀን የሚጽፉበትን። የመስቀል ወፍ ከመስቀል በኋላ የት እንደሚሄድ ጠየቀችኝ። እርስዎ የነገሩኝን ነገርኳት። የትም አይሄድም፣ ልብሱን ነው የሚቀይረው። ወንዱ በክረምት ለሴቷ ብሎ ያጌጣል። ወቅቱ ሲያልፍ ጌጡን ጥሎ እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ እያየነው አናውቀውም። ይህን ስነግራት ዓይኗ ፈጠጠ። ከዚያ «ዋንዛውስ የት ነው?» አለችኝ።

ዋንዛው። 23 ዓመት አንስተነው አናውቅም።

በ1995 ዓ.ም. ለፋሲካ አያቴ ጋ ሄጄ ሁለት ሳምንት ቆየሁ። ስመለስ ቤታችንን ከሩቅ ራቁቱን ቆሞ አየሁት። የኛ አልመሰለኝም። ጉቶው ገና እርጥብ ነበር። እማዬ «ዝም በይ» አለችኝ። እርስዎ «ለመጻሕፍቱ ነው» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ምክንያቱ ይገባኛል። ምስጡ ወለል ላይ የተደረደሩትን መጻሕፍት ከሥር በልቶ ልባሱን ብቻ አስቀርቶልዎት ነበር። አንዱን ሲያነሱት እንደ ዱቄት ፈስሶ እጅዎ ላይ ሲቀር አጠገብዎ ነበርኩ። ፊትዎን አልረሳውም። ዋንዛን ምስጥ ቶሎ አይደፍረውም። ጣውላ ከገበያ ለመግዛት ደግሞ የአስተማሪ ደመወዝ አይበቃም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ።

ግን አባባ፣ እዚያ ዛፍ ላይ ነበር የማነበው። ሁለተኛው ቅርንጫፍ ከግንዱ የሚለይበት ቦታ ልክ ለእኔ የተሠራ ወንበር ነበር። ፍሬው ሲበስል ሙጫውን በጣታችን እየጨመቅን የተገነጠለ ገጽ እናጣብቅ ነበር፣ እኔና እርስዎ። ትርፉን ጣቴ ላይ ሲቀር እልሰው ነበር፤ ይጣፍጣል። እንደዚያ ካጣበቅናቸው አንዱ መጽሐፍ አሁንም እኔ ጋ አለ። ገጹ ጠርዝ ላይ ቢጫ ምልክት አለው። እስከ ዛሬ አልለቀቀም።

ሳይነግሩኝ ቆረጡት። ያመመኝ እሱ ነው። ልሰናበተው እንኳ አልጠበቁኝም። የደብሩ ደን ከብት እንዳይገባበት የድንጋይ ካብ ሲካብ ከፊት የነበሩት እርስዎ ነዎት። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ስለ ደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ያጠኑትን ጋዜጣ ላይ አግኝተው፣ ቆርጠው ግድግዳ ላይ ለጥፈዋል። ደን ያጠና ሰው ልብ ወለድ መጻፉን እንደ ራስዎ ልጅ ነበር የኮሩበት። «ዛፍ የቤተ ክርስቲያን ልብስ ነው» ይሉናል። የኛን ቤት ግን አራቆቱት። በቦታው ደግሞ ባህር ዛፍ ተከሉ! «ባህር ዛፍን ከጓሮና ከውሃ አርቁ» እያሉ ክፍል ውስጥ ያስተማሩን እርስዎ።

መደርደሪያው ሲያልቅ አምስት ረድፍ ነበረው። አራቱን ሞሉት። ታችኛውን «ያንቺ ነው» አሉኝ። እስከ ዛሬ አንድ መጽሐፍ አላኖርኩበትም። አይተውት ይሆን? እማዬ አይታ ነበር። ምንም ሳትለኝ የስፌት ዕቃዋን አስቀመጠችበት።

ይህን ለማንሳት አልነበረም የተነሳሁት። አንዱን ስጽፍ ሌላው እየመጣ ነው። የፈራሁት ሌላ ነው።

ባለፈው ገና ስንመጣ ማታ ማታ ለልጆቹ ያነቡላቸው ነበር። ማሙሽ ጭንዎ ላይ ይተኛል፣ ትልቋ በትከሻዎ በኩል ታያለች። አንድ ሌሊት አልጋ ውስጥ ጆሮዬ ላይ መጥታ «አያቴ ሁለት ገጽ አንድ ላይ ገለጡ፣ ታሪኩ ግን አልተዘለለም» አለችኝ። ተኚ አልኳት። ትልቋ፣ እዚህ ጋ አትቁሚ። ጥፋት አልሠራሽም፣ ቀጥይ።

በማግስቱ ወደ ሸሸር ወረድን። ድሮ ትከሻዎ ላይ ተሸክመው ሸሸርና ወላላ ሲወስዱኝ ውሃው እስከ መንደሩ አፍ ይደርስ ነበር። አሁን ሩዙና ሽንኩርቱ ገፍቶ ገፍቶ፣ ውሃው በፓምፕ እየተሳበ የቀረው ትንሽ ነው። ቢሆንም ደስ ብሎዎት ነበር። በድንገት ቆሙና በበትርዎ ጠቆሙ። «ያውና ሽመላ! አንድ እግሩ ላይ ቆሟል፣ ዝም በሉ» አሉን። ልጆቹ ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ።

ፌስታል ነበር አባባ። እሾህ ላይ የተጠመደ ነጭ ፌስታል።

ማሙሽ አፉን ሲከፍት እጁን ጨበጥኩት። ወደ ቤት እስክንመለስ ስለ ሽመላ አወሩን፣ ከአውሮፓ ስለሚመጡት ወፎች፣ መንገዱን ማን እንዳሳያቸው። እኔ መሬት መሬት እያየሁ አብሬዎት ሄድኩ። ወንዝ ማዶ የቆመውን ወፍ ወንዱን ከሴቷ የሚለዩ ሰው ነበሩ።

ስለዚህ ትልቋን የላክሁት ማንበብ እንድትለማመድ ብዬ ብቻ አይደለም። ያውቁታል። ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ አውቀውታል ብዬ እገምታለሁ።

ለምን አልነገሩኝም? «ልጄ ሥራ አላት፣ ልጆች አሏት» ብለው ነው? ወይስ «መጻሕፍቴን አስትታ አዲስ አበባ ታስገባኛለች» ብለው ፈርተው? ኑ አልልዎትም። አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም፣ ጠዋት የሚያዩት ጓሮ ሳይኖር እንዴት እንደሚሆኑ አውቃለሁ። እንደዚያ ማለት ባልችል ይሻለኝ ነበር፤ አጠገቤ ቢሆኑልኝ እወዳለሁና። ግን አልልም።

ሐኪም ጠይቄያለሁ። የዓይን ሞራ ከሆነ በቀዶ ጥገና ይወጣል፣ በዚያው ቀን ቤት ይገባሉ። ግላኮማ ከሆነ የጠፋው አይመለስም። የቀረውን ግን በየቀኑ በሚደረግ ጠብታ ማቆየት ይቻላል። ሲጀምር አያምም፣ ከጎን ከጎን እያለ ነው የሚበላው አሉኝ። ያ ምስጥ ነው የመጣብኝ። በዘር ይሄዳል ስላሉኝም ተመርምሬያለሁ፤ እኔ ደህና ነኝ። አያቴ በስተርጅና ግድግዳ እየዳበሱ ይሄዱ የነበረው ትዝ አለኝ። ያኔ እርጅና ነው ብለን ዝም አልን።

ባሕር ዳር ቀጠሮ ይዤልዎታለሁ። ሰኞ ሐምሌ 6 ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት። መንገዱ ደህና ነው ብለውኛል። 60 ኪሎ ሜትር አይሞላም። እኔ እሑድ ማታ ባሕር ዳር እገባለሁ፣ ወንድሜ በመኪና ያመጣዎታል። ፊት ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ ወገብዎ እንዳይነቃነቅ። እምቦጭ ነቅለው ከመጡ ወዲህ እኮ ነው የተበላሸው፤ «ጣና ሲታመም ቁጭ ብዬ አላይም» ብለው ወጣ ባይሉ ኖሮ። እሱንም አልቆጣሁዎትም። መታወቂያዎንና የደም ግፊት መድኃኒትዎን ይያዙ። ቁርስ ይብሉ።

አልሄድም እንዳይሉኝ። ዋንዛውን ሲቆርጡ እኔን አልጠየቁኝም። ቀጠሮውን ስይዝ እኔም አልጠየቅሁዎትም።

ከባሕር ዳር አብረን ወደ ቤት እንመለሳለን፤ ሳምንት ፈቃድ ወስጃለሁ። ያን ቢጫ ምልክት ያለውን መጽሐፍ ይዤ እመጣለሁ። ታችኛው ረድፍ ላይ የእማዬ ክርና መርፌ ካለ አያንሱብኝ፣ እዚያው አጠገቡ አስቀምጠዋለሁ።

እግርዎን ስሜያለሁ። ይመርቁኝ።

ልጅዎ

ትልቋ፣ አሁን ደብዳቤውን አጣጥፈሽ እጃቸው ላይ አስቀምጪላቸው። መነጽራቸውን አትፈልጊ። ከፈለጉ እንደገና አንብቢላቸው። ከዚያ የማሙሽን ጥርስ ስጫቸው።