በልጄ የአጥንት እብጠት ላይ ስለተሰጠን ምክር የቀረበ ቅሬታ

ለሆስፒታሉ የሕክምና ዳይሬክተር

ጤና ይስጥልኝ። የ12 ዓመት ልጄን ይዤ ወደ እናንተ የመጣሁት ከጉልበቱ ከፍ ብሎ፣ የጭኑ አጥንት ላይ ጠጠር ያለ እብጠት ስላገኘንበት ነው። ኳስ ሲነካው ካልሆነ አያመውም። ራጁን ያነሣው ባለሙያ ልጁን አጫውቶ፣ አረጋግቶ ነው ያነሣው። አመሰግነዋለሁ። ቅሬታዬ ከዚያ በኋላ በሆነው ላይ ነው።

የተመደቡልን ሐኪም ፊልሙን አየት አድርገው፣ ልጁ እየሰማ፣ «የአጥንት ዕጢ ነው፤ ቶሎ ተቆርጦ ይውጣ» አሉን። ካንሰር ነው ወይ ስላቸው «ሲወጣ እናውቃለን» አሉኝ። በቃ። የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ይዘን ወጣን። ማታ ልጄ «እግሬን ሊቆርጡት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ለ3 ሳምንት በቤታችን እንቅልፍ የሚባል አልነበረም። ከዚያ ያንኑ ራጅ ለሌላ የአጥንት ስፔሻሊስት ወሰድነው። እሳቸው ፊልሙን ብርሃን ላይ አድርገው አሳዩን። የአጥንቱ ቅርፊትና መቅኔው ሳይቋረጥ ወደ እብጠቱ ይዘልቃል። ጫፉን የሚሸፍነው ካርቲሌጅ የሚባለው ለስላሳ አጥንት ነው። ስሙ ኦስቲዮኮንድሮማ ነው። ካንሰር አይደለም፤ ካንሰር ካልሆኑት የአጥንት ዕጢዎች በብዛት የሚታየውም እሱ ነው። ከልጁ ጋር ያድጋል፣ የልጁ አጥንት ማደግ ሲያቆም እሱም ያቆማል። ነርቭ ወይም የደም ሥር ካልተጫነ፣ ሕመምም ካላመጣ፣ ክትትል ይበቃዋል። አጥንቱ የሚያድግበት ቦታ ሳይዘጋ እዚያ አጠገብ መቁረጥ ግን የእግሩን እድገት ሊያዛባ ይችላል። የሚያሳስበው እድገቱን ከጨረሰ በኋላ እብጠቱ ከጨመረ ወይም አዲስ ሕመም ከመጣ ነው። ያኔ በኤምአርአይ የካርቲሌጁ ውፍረት ይለካል። በአዋቂ ሰው ከ2 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ወደ ካንሰር ተለውጦ እንደሆነ ያጠራጥራል።

ይህን ሁሉ ለመስማት 15 ደቂቃ አልፈጀብንም።

ከሁሉ ያቃጠለኝ ደግሞ ይኼ ነው። የእናንተው የራጅ ውጤት 2ኛው መስመር ላይ «ኦስቲዮኮንድሮማ» ተብሎ ተጽፏል። መልሱ እጃችሁ ላይ ነበር። ያነበበልን ሰው ነው የጠፋው።

ቀጠሮው መሰረዙ በልጁ ካርድ ላይ ይመዝገብ። ውጤቱ ሳይነበብ ቀዶ ሕክምና እንዴት እንደተወሰነ በጽሑፍ መልስ ስጡኝ። ሌላም አለ። እኔ ደጋግሜ ብነግረውም ልጄ እስካሁን ማታ ማታ እብጠቱን በጣቱ ይለካል። ያን ቃል የነገሩት ሐኪም ራሳቸው አስቀምጠው ያስረዱት። ቀኑን ብቻ አሳውቁን፣ ይዤው እመጣለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የታካሚው እናት