ካሜራው የሚውለው የት ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰሞኑን ስለ ካሜራ ግዢ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው ዕቃውን እንደሚያውቁት ያስታውቃል፤ ስለ ሚረርለስ፣ ማለትም ውስጡ መስታወት ስለሌለውና ሌንሱ ስለሚቀያየረው ካሜራ፣ የጻፉት ላይም ስሕተት አላየሁም። የከነከነኝ መደምደሚያቸው ነው። ለሥራው ፎቶ የሚያስፈልገው ሰው ሁሉ፣ ገንዘብ ካልያዘው በቀር፣ ሚረርለስ ይግዛ ይላሉ። ውሃና መውደቅ የሚችሉትን ትንንሽ ካሜራዎች ደግሞ የሽርሽር ዕቃ ናቸው ብለው በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፈዋቸዋል። እኔ እዚህ ሀዋሳ ካሜራ እየጠገንኩ የምኖር ሰው ነኝ። ካሜራ ባይበላሽ ጾሜን አድር ስለነበር የእሳቸው ምክር ለኪሴ ይበጃል። ቢሆንም ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

በምስማማበት ልጀምር። እንጀራው ሰርግና ምርቃት የሆነ ሰው ሚረርለስ ይግዛ፤ እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ተክሊል በቤተ ክርስቲያን ውስጥ በደብዛዛ ብርሃን ይፈጸማል፣ ማታ ደግሞ አዳራሹ ውስጥ ቀይና ሰማያዊ መብራት እየተቀያየረ ሙሽሮቹ ይጨፍራሉ። በዚህ ጊዜ ልዩነቱን የሚያመጣው የሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ሰሌዳ፣ ስፋት ነው። እንደ ሶኒ ኤ7 አራተኛው ትውልድ ወይም እንደ ካኖን አር6 ማርክ 2 ባሉት ካሜራዎች ውስጥ ያለው ሴንሰር 36 በ24 ሚሊሜትር ነው። በትንሿ ካሜራ ውስጥ ያለው ደግሞ 6 በ4.5 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ስፋታቸው ሲሰላ አንዱ የሌላው 30 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ብርሃን ሲያንስ ትንሿ ካሜራ ምስሉን ታሻክረዋለች፤ የካባው ጥልፍ ይዋጣል፣ የሙሽራዋ ፊት ሰም የተቀባ ይመስላል። ትልቁ ካሜራ ግን በጭፈራው መሀል እንኳ ዓይኗን እየተከተለ ያነጣጥራል። ለሰርግ ሥራ ትንሿን ካሜራ ይዞ የሚሄድ ሰው ከሙሽራዋ እናት የሚጠብቀውን እሱ ያውቃል።

ግን በሀዋሳና በአካባቢዋ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ሰርግ አንሺ ብቻ አይደለም። በሐይቁ ላይ የዓሣውን ምርት የሚከታተል ባለሙያ አለ። ቡና ለቡና የሚውል የግብርና ሠራተኛ፣ ጉድጓድ ሲቆፈር ቆሞ የሚቆጣጠር መሐንዲስ፣ በክረምት ጭቃ ከቀበሌ ቀበሌ የምትዞር የጤና ሠራተኛም አሉ። እነዚህ ሰዎች ፎቶ ለሪፖርት፣ ለማስረጃና ለምርምር ይፈልጋሉ። ምክሩ የተጻፈው እነሱን ረስቶ ነው።

አንድ ምሳሌ ላንሳ። ዓሣ የምታጠና አንዲት ባለሙያ መሥሪያ ቤቷ የገዛውን ሚረርለስ በፌስታል ጠቅልላ አመጣችልኝ። ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት ነው፤ ካሜራው ከሁለት ሌንሶች ጋር የተገዛ ጥሩ ካሜራ ነበር። ሥራዋ ማለዳ አሞራ ገደል፣ በሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ ነው። ጀልባዎቹ ሲደርሱ መረቡ ገና ይንጠባጠባል። በአንድ እጇ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ መለኪያ ሰሌዳው ላይ አጋድማ ትይዛለች፣ በሌላው ፎቶ ታነሳለች፤ አንዳንድ ቀንም ከአጥማጆቹ ጋር በጀልባ ትወጣለች። ሩቅ ያለ መረብ ስታነሳ ረጅሙን ሌንስ፣ ዓሣውን በቅርብ ስታነሳ አጭሩን ትገጥማለች። ሌንሱን ፈትቼ ወደ ውስጥ ስመለከት የወርቅ ቀለም ያላቸው መገናኛ ነጥቦች አረንጓዴ ዝገት አውጥተዋል። በሴንሰሩ መስታወት ላይ፣ ጥግ አካባቢ፣ አንዲት የዓሣ ቅርፊት ተለጥፋ ደርቃለች። ቅርፊቷን በመነጽር ሳያት ዕድሜ የሚቆጠርባቸው ክብ መስመሮቿ ሳይቀሩ ይታዩ ነበር። ባለሙያዋ ራሷ ሳቀች፤ ስለ ጥገናው ዋጋ ስነግራት ግን ሳቋ ቆመ።

"ውሃ ይቋቋማል ተብሎ አልነበር እንዴ?" አለችኝ። ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ያነሳል። ውድ የሚባሉት ሚረርለሶች ካፊያና አቧራ እንዳይገባባቸው በየመጋጠሚያው ጎማ አላቸው፤ ይህ እውነት ነው። ግን የሚሠራው ሌንሱም የራሱ ጎማ ኖሮት ሲገጠም ብቻ ነው። ሌንሱ በተፈታ ቅጽበት ካሜራው አፉን ከፍቶ ይቀመጣል። ካፊያ መቻል አንድ ነገር ነው፣ ውሃ ውስጥ ገብቶ መውጣት ሌላ። አምራቾቹም ቢሆኑ አቧራና እርጥበት ፈጽሞ አይገባም ብለው ዋስትና አይሰጡም፤ ይህን በመመሪያው ላይ በደቃቅ ፊደል ጽፈውታል።

አሁን ወደ ተናቀችው ካሜራ እንምጣ። በእጄ የማውቀው ኦሊምፐስ የተባለው ኩባንያ ተፍ (ጠንካራ) በሚል ስም የሠራቸውን ነው። ቲጂ-6 እ.ኤ.አ. በ2019 ወጣች። ኦሊምፐስ የካሜራ ሥራውን ከሸጠ በኋላ ደግሞ በ2023 ቲጂ-7 ኦኤም ሲስተም በሚል ስም መጣች። ያለ ተጨማሪ ሽፋን 15 ሜትር ጥልቀት ድረስ ትገባለች፣ ከ2.1 ሜትር ከፍታ መውደቅን እንድትችል ተሠርታለች፣ ክብደቷ 249 ግራም ነው። ሶኒውን ከ24-70 ሚሊሜትር ሌንሱ ጋር ስትመዝኑት 1 ኪሎ ከ350 ግራም ይደርሳል። ቀኑን ሙሉ ተራራ የሚወጣ ሰው አንገት ይህን ልዩነት ያውቀዋል።

እንደ ጠጋኝ ከሁሉ በላይ የምወድላት ሌንሷ ከአካሏ አለመውጣቱን ነው። እንደ ሌሎቹ ትንንሽ ካሜራዎች ሲከፈት ወደ ፊት አይወጣም፤ የሚያቀርበውም የሚያርቀውም እዚያው ውስጥ ነው። ያ የሚወጣና የሚገባ ሌንስ በእያንዳንዱ ጊዜ አቧራ ወደ ውስጥ ይስባል። በበጋ ከገጠር መንገድ የሚመጡልኝ ተራ ካሜራዎች አብዛኞቹ የሚሞቱት በዚህ ነው። ሌንሱ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል፣ ጥርሶቹ መሀል አሸዋ ታገኛላችሁ።

ጸሐፊው ፈጽሞ ያላነሱት ሌላም ነገር አለ። ይህች ካሜራ ከሌንሷ ፊት 1 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለን ነገር ማንሳት ትችላለች። የሲዳማ ቡና የሚበቅልበት አገር ላይ ለተቀመጠ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የቡና ቅጠል ዝገት ሲጀምር ከላይ የሚታየው ገረጣ ያለ ነጥብ ነው፤ ቅጠሉን ገልብጣችሁ በዚህች ካሜራ በቅርብ ስታነሱት ግን ያ ብርቱካናማ ዱቄት ቅንጣት በቅንጣት ይወጣል። ፎቶው የተነሳበትን ቦታ በጂፒኤስ ከምስሉ ጋር ስለምትመዘግብ የትኛው ማሳ እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም። በሚረርለስ ይህን ለማድረግ የማክሮ (በጣም በቅርብ ማንሻ) ሌንስ ለብቻው መግዛት፣ ከዚያም ማሳው መሀል ላይ ሌንስ መቀየር ነው። ዝናብ ካለ አስቡት።

ሜጋፒክስሏ 12 ብቻ ነው ተብሎ ይታማባታል። 12 ሜጋፒክስል ማለት 4000 በ3000 ነጥብ ነው፤ በ300 ነጥብ በኢንች ሲታተም 34 በ25 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከኤ4 ወረቀት ይበልጣል። የሪፖርት ፎቶ በግማሽ ገጽ ለሚያወጣ መሥሪያ ቤት የሶኒው 33 ሜጋፒክስል ምን ያደርግለታል? ፍላሽ ዲስኩን ከመሙላት በቀር።

ስልኬስ አይበቃኝም ወይ የሚል ይኖራል። ለብዙ ሰው ይበቃል፤ እዚህ ላይ ልዋሽ አልችልም። ነገር ግን ስልክ ላይ የሚጻፈው አይፒ68 የሚለው የውሃ መቋቋም ምልክት የሚለካው ጸጥ ባለ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ነው፤ ስልኩ አንዴ ከተከፈተና ስክሪኑ ከተቀየረ በኋላ ያ ምልክት ዋጋ የለውም። እኛ አገር ደግሞ ስክሪኑ ያልተቀየረ ስልክ ስንት አለ? በዚያ ላይ እጅ በዓሣ ውሃ ሲረጥብ ስክሪኑ የነኩትን ትቶ ያልነኩትን ይከፍታል። የካሜራዋ ማንሻ ግን በጓንትም ይጫናል።

ጉድለቷን ልደብቅላት አልፈልግም። ሩቅ ያለን ነገር የምታቀርበው እንደ 100 ሚሊሜትር ሌንስ ያህል ብቻ ነው፤ ዛፍ ጫፍ ላይ ያረፈ የዓሣ ንስር ለማንሳት አትሞክሩ፣ ነጥብ ነው የምታገኙት። አባ ኮዳ፣ ያ ራሰ በራው ትልቅ ወፍ፣ ከሆነ ችግር የለም፣ የዓሣ አንጀት ካየ ራሱ እግራችሁ ሥር ይመጣል። ባትሪዋ በአንድ ሙሌት 330 ያህል ፎቶ ብታነሳ ነው፤ ደግነቱ ቲጂ-7 በዩኤስቢ-ሲ ትሞላለችና የስልክ ፓወር ባንክ የያዘ ሰው አይቸገርም። ትልቁ አደጋ በሮቿ ላይ ነው። አንዱ የባትሪና የካርድ፣ ሌላው የገመድ መሰኪያ በር ነው፤ ሁለቱም ዙሪያቸውን ቀጭን ጎማ አላቸው። በዚያች ጎማ ላይ አንዲት ፀጉር ወይም የአሸዋ ቅንጣት ከተቀመጠች 15 ሜትር ቀርቶ ባልዲ ውስጥም ውሃ ታስገባለች። እርጥብ እጅ ይዞ በሩን መክፈት የለም። ከሥራ በኋላ በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ በጨርቅ ማድረቅ፣ ከዚያ መክፈት። አምራቹ ጎማው በየዓመቱ እንዲቀየር ይመክራል፤ እዚህ ግን ውሃ ከገባ በኋላ ነው ወደ እኔ የሚመጡት።

ያገለገለ የሚገዛ ሰው ሁለቱንም በሮች ከፍቶ ይመልከት። በጎማው ላይ ስንጥቅ ካለ፣ ወይም ከበሩ ውስጥ በኩል ውሃ የደረቀበት ነጭ ምልክት ካየ፣ ሻጩ የፈለገውን ቢምል ትቶ ይሂድ።

ዋጋውን በዶላር ልናገር፤ በብር ብነግራችሁ ደብዳቤው እስኪታተም ሊለወጥ ይችላል። ቲጂ-7 ስትወጣ 550 ዶላር ገደማ ነበረች። ሶኒው ለብቻው 2,500፣ 24-70 ሌንሱ ደግሞ 2,300 ዶላር አካባቢ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ልዩነት በብር ሲመነዘር ምን እንደሚያህል ለማንም አይጠፋውም። ከነሌንሱ በአንዱ ሚረርለስ ዋጋ ስምንት የመስክ ሠራተኞች ካሜራ ይይዛሉ።

መሥሪያ ቤቶቻችን ግን የሚገዙት አንዱን ነው። የጨረታው ዝርዝር ሲዘጋጅ ከበይነ መረብ የተገለበጠ መግለጫ ይገባል፤ ሴንሰሩ ይህን ያህል፣ ቪዲዮው ይህን ያህል እየተባለ ይዘረዘራል። ማን ነው የሚያነሳበት፣ የትስ ነው የሚያነሳው የሚል መስመር አላየሁም። ካሜራው ሲመጣ አንድ ሰው በሞዴል 22፣ በንብረት መረከቢያው ቅጽ፣ ፈርሞ ይረከባል። ከጠፋ ወይም ከተሰበረ ከደመወዙ ስለሚቆረጥበት ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን በኪሱ ይዞ ይዞራል። እውነት ለመናገር እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ይህንኑ ነበር የማደርገው። መስክ የሚወጣው ባለሙያ ላም አለኝ በሰማይ እያለ በራሱ ስልክ ያነሳል። ካሜራው ለስብሰባና ለሪባን መቁረጫ ይወጣል፣ ተመልሶ ይቆለፋል። ወደ እኔ የሚመጣው ሌንሱ ሻግቶ ነው። አየር በሌለው ጨለማ ቦታ የተቆለፈ ሌንስ ከሜዳ ሌንስ ቀድሞ እንደሚሻግት ብዙ ሰው አያውቅም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። የግዢ ክፍል ኃላፊዎች የካሜራ ዝርዝር ከመጻፋቸው በፊት ዕቃውን ይዞ መስክ የሚወጣውን ሰው አንድ ቀን ጠርተው ያነጋግሩት፤ ለሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ አንድ ሚረርለስ ያስፈልግ ይሆናል፣ ለተቀሩት ግን ምን እንደሚያስፈልግ ከእነሱ ይስሙ። ከእናንተ የምፈልገው ደግሞ በሚቀጥለው የካሜራ ጽሑፋችሁ ላይ የቦዲውን (ሌንስ የሌለውን የካሜራ አካል) ዋጋ ብቻ ሳይሆን የሌንሱን፣ የመለዋወጫ ባትሪውንና የካርዱን ዋጋ አብራችሁ እንድታወጡ ነው። እቁብ ጥለው ቦዲውን የገዙና ሌንስ መግዣ ያጡ ልጆች ሱቄ ድረስ እየመጡ "ሌንስ ታከራያለህ ወይ?" ይሉኛል። አላከራይም።

ከአክብሮት ጋር
ስሙን ለዝግጅት ክፍሉ የገለጸ የካሜራ ጠጋኝ
ሀዋሳ