የክረምቱ አስጠኚ በመስከረም የት ይሄዳል?

ክቡር አዘጋጅ፣

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በወጣ ቁጥር ጋዜጣችሁ ለጉዳዩ ሰፊ ቦታ ይሰጣል፤ ተገቢም ነው። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ናቸው ሲባል ያልደነገጠ ወላጅ አልነበረም። ችግሩ የሚጀምረው ግን እዚያ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተካሄደ የንባብ ምዘና 34 ከመቶ የሚሆኑት የ2ኛ ክፍል ልጆች ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ስለነዚህ ትንንሾች ነው።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሰፈራችን የእድር አዳራሽ ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት ቤት መልስ ልጆችን የቤት ሥራ አስጠናለሁ። ዘንድሮ አራተኛ ዓመቴ ነው። ወደ እኔ የሚላኩት “ትምህርት አልገባው አለ” የተባሉት ናቸው።

አንዱን ልጅ ላንሳ። ሲመጣ 3ኛ ክፍል ነበር። ፊደል ቁጠርልኝ ስለው ከሀ እስከ ፐ በዜማ አወረደው፤ አንዷንም አልሳተ። ወረቀት ላይ “ሩ”ን ብቻዋን ጽፌ ሳሳየው ግን ዝም አለ። ቆይቶ ግድግዳው ላይ ወዳለው ገበታ ሄደና ከሀ ጀምሮ በጣቱ እየቆጠረ፣ በሹክሹክታ እየዘመረ ወርዶ አገኛት። ያን ሁሉ 231 ፊደል የያዘው እንደ መዝሙር ነበር። የኔታዎች ይህን ከጥንት ያውቁታል። ሀሁ በቃሉ የወጣለትን ልጅ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ እያሉ አቡጊዳ የሚያስቆጥሩት ዜማው ብቻውን እንዳይመራው ነው። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሀሁን ወስዶ አቡጊዳን ለምን እንደተወው እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ሒሳብም ይወድቅ ነበር። አንድ ቀን ጥያቄውን እኔ አነበብኩለት። እናቱ እንጀራ ሸጣ ነው የምታሳድገው፤ ለደንበኛ መልስ የሚቆጥረው እሱ ነው። አንብቤ ሳልጨርስ መልሱን ነገረኝ። ደብተሩ ላይ ግን በቀይ እስክሪብቶ “ሰነፍ” ተብሎ ተጽፎበታል። መምህሩን መውቀስ ቀላል ነው፤ ስልሳ ልጅ የታጨቀበት ክፍል ውስጥ የአንዱን ልጅ ጣት ማን ሊከተል ይችላል?

እናቱ ግራ ገብቷቸው፣ “ዐይነ ጥላ ነው ይሉኛል ጋሼ፣ ጸበል ወስጄዋለሁ” አሉኝ። “ጸበሉን አይተዉት፤ ማክሰኞና ሐሙስ ደግሞ እኔ ዘንድ ይላኩት” አልኳቸው። ሐኪም ስላልሆንኩ ችግሩን ስም ልሰጠው አልችልም። ባለሙያዎች ዲስሌክሲያ የሚሉት የንባብ ችግር እንዳለ ግን ማወቅ አለብን፤ የአእምሮ ማነስም የስንፍናም ምልክት አይደለም። ነፍሳቸውን ይማርና ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ሳይታክቱ ስለተናገሩ ኦቲዝምን ዛሬ ብዙ ሰው በስሙ ይጠራዋል። ማንበብ ለሚቸገሩት ልጆች ግን ሰፈራችን እስካሁን ያለው ስም “ደደብ” ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። በየክረምቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በበጎ ፈቃድ አገልግሎት የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣሉ። እግዜር ይስጣቸው፣ ቤት ከማደስና ችግኝ ከመትከል ጋር ይህንንም ማሰባቸው ትልቅ ነገር ነው። መስከረም ሲጠባ ግን ሁሉም ወደየግቢው ይመለሳል። ማንበብ የሚቸገር ልጅ ደግሞ መጀመሪያ የሚማረው መደበቅን ነው። ጓደኛው ያነበበውን በቃሉ ይዞ ያነበበ ይመስላል፤ ተራው ሲደርስ ሽንት ቤት ልሂድ ይላል። የእኔው ተማሪ “ይቺን አላውቃትም” ብሎ በአፉ የነገረኝ በሦስተኛው ወር ነው። የክረምቱ አገልግሎት ሁለት ወር ነው። ልጁ ሊያምነን ሲል እኛ የለንም፤ በሚቀጥለው ሐምሌ ለሌላ እንግዳ ሰው እንደገና ማፈር አለበት።

ስለዚህ ክፍለ ከተሞችና የወጣት ማዕከላት በክረምት ከሚመዘግቧቸው መካከል ነዋሪነታቸው በዚያው ሰፈር የሆነውን ለይተው፣ ከመስከረም እስከ ሰኔ በሳምንት ሁለት ቀን ከአንድ ልጅ ጋር የሚዘልቁበትን መንገድ ቢያመቻቹ እላለሁ። ለዚህ የተለየ ትምህርት አያስፈልግም። እኔ የምጠቀመው ስንደዶ፣ ጠመኔና ከታች ያለውን መስመር የሚሸፍን ቁራጭ ወረቀት ነው። ነ እና ኘ፣ ሰ እና ሸ፣ ደ እና ጀ እስኪለዩለት ድረስ ሳምንታት ያልፋሉ፤ አስጠኚው እዚያ ላይ መቸኮል የለበትም። ከሁሉ በላይ የቤት ሥራውን አይሥራለት። በአስጠኚ እጅ የተሠራ ደብተር መምህሩን ያሳስታል፤ ልጁም ይበልጥ ይደበቃል። ሦስቱን ራሱ ሠርቶ ሰባቱን ባዶ ቢተው ይሻላል፤ እኔ ከሥሩ “እዚህ ድረስ ራሱ ነው የሠራው” ብዬ ለመምህሩ እጽፋለሁ።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። የሰው ልጅ ነው የምንቀበለው፤ አስጠኚው ማን እንደሆነ ወላጅም ትምህርት ቤትም ይወቅ፣ በር ክፍት ይሁን፣ ከአንድ በላይ ትልቅ ሰው ይኑር። እኛ አዳራሽ ይህ ያልተሟላለት ቀን ትምህርት የለም።

ልጁ ዘንድሮ የ6ኛ ክፍል ፈተና ይወስዳል። አሁንም የሚያነበው ቀስ ብሎ ነው፤ “ገና” የሚለው ቃል በዓሉ ይሁን ያልደረሰው ነገር ለመለየት ዓረፍተ ነገሩን ሁለቴ ይመላለስበታል። ግን ጥያቄውን የሚያነበው ራሱ ነው። ፈታኞች እንዲህ ላለው ልጅ ተጨማሪ ሰዓት እንዲሰጡት ትምህርት ቢሮው አስቀድሞ ቢያስብበት መልካም ነበር።

የእድራችን አዳራሽ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከሰዓት በኋላ ባዶ ነው። አስጠኚዎቹ ሦስት ነን፤ ተራ የሚጠብቁት ልጆች ዐሥራ አንድ ደርሰዋል።

ጡረተኛ የሒሳብ ሠራተኛ
ጉለሌ፣ አዲስ አበባ