እማዬ፣ ቦንብ አልሠራም

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ «የቦንብ ድንጋይ ከሚቆፈርበት ነው አሉ የምትሠራው» ስትዪኝ ድምፅሽ ተለውጦ ነበር። በስልክ እንዳላስረዳሽ መስመሩ ይቆራረጣል፣ አንቺም አታስጨርሺኝም። ስለዚህ ልጻፍልሽ።

አዎ፣ የዩራኒየም ማዕድን ነው። ከሳስካቱን ከተማ በትንሽ አውሮፕላን ወደ ሰሜን ይወስዱናል፤ አንድ ሳምንት ሠርተን አንድ ሳምንት እናርፋለን። አካባቢው የአታባስካ ተፋሰስ ይባላል። ጂኦግራፊ ስታስተምሪ ከካናዳ ስንዴውን እንጂ ይሄንን ያነሳሽ አይመስለኝም። በብዙ አገር ከአንድ ቶን ድንጋይ አንድ ኪሎ ዩራኒየም ከተገኘ ጥሩ ነው። እዚህ ሲጋር ሌክ ከሚባለው ማዕድን ግን ከአንድ ቶን ከመቶ ኪሎ በላይ ይወጣል።

ጣጣውም ከዚሁ ይመጣል። ጨረሩ ኃይለኛ ስለሆነ ሰው ድንጋዩ አጠገብ አይደርስም። ደግሞ ውኃ አለ፤ ሲጋር ሌክ በ2006 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ) ግንባታው ሳያልቅ በውኃ ተጥለቀለቀና ማምረት የጀመረው በ2014 ነው። አሁን እዚያ መጀመሪያ መሬቱን ያቀዘቅዙትና በረዶ ያደርጉታል፣ ከዚያ ከሥሩ ባለው ዋሻ ሆነው በከፍተኛ ግፊት በሚረጭ ውኃ ይቆርጡታል፣ የተቆረጠው ጭቃ ሆኖ በቧንቧ ይሄዳል። ማንም በእጁ አይነካውም።

የእኔ ሥራ ኤሌክትሪክ ነው። ፓምፕና የአየር ማናፈሻ እንዳይቆም ማድረግ። እውነቱን ልንገርሽ፣ የሚያሰጋው አየሩ ነው። ከዩራኒየም ጋር ራዶን የሚባል ጋዝ አለ፤ አይታይም፣ አይሸትም፣ አየር በማይንቀሳቀስበት ዋሻ ሲጠራቀም ሳንባ ይጎዳል። አሜሪካ ውስጥ ናቫሆ በሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች መሬት ላይ ከ1944 እስከ 1986 ድረስ ወደ 30 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ ድንጋይ ሲወጣ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ ቆፋሪዎቹ በቂ አየር በሌለበት ነበር የሚሠሩት። አደጋውን የነገራቸውም አልነበረም። ብዙዎቹ በሳንባ ካንሰር አለቁ። የካሳ ሕግ የወጣው በ1990 ነው፤ ያኔማ ስንቱ ሞቷል። ስለዚህ ፍርሃትሽን ከንቱ ነው አልልም። እኔ ግን ደረቴ ላይ የጨረር መለኪያ አለች፣ የተመዘገበው ቁጥር በየጊዜው ይነገረኛል። የካናዳ ሕግ በዓመት ከ50 ሚሊሲቨርት (ሰውነት የሚቀበለው ጨረር መለኪያ ነው)፣ በአምስት ዓመት ደግሞ ከ100 እንዳያልፍ ያዛል። የእኔ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው።

የቦንቡን ነገር በተመለከተ፣ ከመሬት የሚወጣው ዩራኒየም እንዳለ ቦንብ አይሆንም። ለዚያ የሚፈለገው ዩራኒየም 235 የሚባለው ነው፣ እሱም ከመቶ 0.7 ብቻ ነው። ለመብራት ድርሻውን ከመቶ ከ3 እስከ 5 ድረስ ከፍ ያደርጉታል፣ ማበልጸግ የሚሉት ይሄንን ነው፤ ለቦንብ ወደ 90 ነው። ካናዳ ከ1965 ጀምሮ ለሰላማዊ ጥቅም ካልሆነ አትሸጥም። ሂሮሺማ ላይ የወደቀው ቦንብ ዩራኒየም በአብዛኛው የወጣው ከእኛው አህጉር ነው፤ ኮንጎ፣ ሺንኮሎብዌ ከሚባል ቦታ፣ ቤልጂጎች ሲገዙ። ተቃራኒውም ሆኗል፦ ከ1993 እስከ 2013 ድረስ ከሩሲያ የኒውክሌር አረሮች የወጣ 500 ቶን የበለጸገ ዩራኒየም ተበርዞ የአሜሪካ መብራት ሆነ። ለቡና የሚመጡት ጎረቤቶች እንደገና «ቦንብ» ካሉሽ ይሄንን ንገሪያቸው።

«ራሺያ ኒውክሌር ልትሠራልን ነው፣ ዩራኒየሙ ከየት ይመጣል?» ብለሽኛል። አዎ፣ ኢትዮጵያ ከሩሲያ ጋር ስለ ኒውክሌር ኃይል ማመንጫው የተፈራረመችው በ2025 መስከረም ነው። ዩራኒየሙን ግን መግዛት ይቻላል። ፈረንሳይ አብዛኛውን መብራቷን ከኒውክሌር ታገኛለች፣ የመጨረሻ የዩራኒየም ማዕድኗን ግን በ2001 ዘግታለች። እኔን የሚገርመኝ ግልባጩ ነው። የዓለምን ዩራኒየም 40 በመቶ ገደማ የምታመርተው ካዛኪስታን፣ አሲድ በጉድጓድ ወደ መሬት እየለቀቀች ሟሙቶ ሲወጣ እየሳበች የምትሸጠው፣ ከ1999 ወዲህ አንድም የሚሠራ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ አልነበራትም፤ ሕዝቡ «ይሠራ» ብሎ የመረጠው በ2024 ነው። ትልቁ ክምችት ያለው አውስትራሊያ ነው፣ ከዓለም ሩብ በላይ፣ እዚያም ማመንጫ የለም። ናሚቢያም የላትም። እኔ ያለሁበት የካናዳ ክፍለ ሀገር ሳስካችዋን እንኳ የለውም!

የሚያናድደኝ ግን ኒጀር ነው። አርሊት የሚባል የበረሃ ከተማ ላይ ከ1971 ጀምሮ ዩራኒየም ወጥቶ ፈረንሳይን አበራ፣ የኒጀር ሰው ደግሞ አብዛኛው መብራት አያውቅም። ዋና ከተማቸው እንኳ የናይጄሪያን መብራት ትጠብቃለች። በ2023 መፈንቅለ መንግሥት ሲደረግ ናይጄሪያ ቆረጠችባቸውና ጨለማ ዋጣቸው። ሥልጣን የያዙት ወታደሮች በ2025 ማዕድኑን ወረሱት። ወታደር አልወድም፣ ታውቂያለሽ፤ በዚህ ግን አልፈርድባቸውም።

ያልቃል ወይ ላልሽው፣ እስካሁን የታወቀው ክምችት ወደ 6 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነው፣ ማመንጫዎቹ በዓመት የሚፈልጉት ከ65 ሺህ ቶን ትንሽ ከፍ ይላል። ለ90 ዓመት ያህል ማለት ነው። ቁጥሩ ግን ከዋጋ ጋር ይወጣል ይወርዳል፤ ዋጋው ሲወደድ ትናንት የማያዋጣ የነበረው ድንጋይ ዛሬ ክምችት ተብሎ ይቆጠራል። ሲረክስ ደግሞ እንደኛ ያለው ሠራተኛ ይቀነሳል። እዚሁ ማክአርተር ሪቨር የሚባለው ትልቅ ማዕድን በ2018 በዋጋ መውደቅ ቆሞ ከአራት ዓመት በኋላ ነው የተከፈተው። እኔን የሚያስፈራኝ ከጨረሩ ይልቅ ይሄ ነው።

ስለዚህ ሥራውን አልለቅም፣ እማዬ። ቅዳሜ ከካምፕ ስወጣ እደውላለሁ። የጉልበትሽን መድኃኒት አታቋርጪ፤ ብሩ ሰኞ ይደርስሻል፣ ለሌላ ሰው እንዳታበድሪው።

ልጅሽ