ከወሊድ በኋላ የሚመጣው ራስ ምታት ምች ላይሆን ይችላል

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በወገብ በሚገባ ቀጭን ቱቦ ስለሚሰጠው የምጥ ማስታገሻ፣ ማለትም ስለ ኤፒዱራል፣ ያወጣችሁት ጽሑፍ ጥቅሙን በሚገባ ቢያስረዳም ጉዳቱን በአንድ መስመር ማለፉ አላረካኝም።

የደም ግፊት መውረድ የተለመደ ነው፤ ክትትል ካለ በቶሎ ይስተካከላል። እኔን እንደ ሰመመን ባለሙያ ይበልጥ የሚያሳስበኝ መርፌው ጥቂት አልፎ የህብለ ሰረሰር ሽፋንን ሲበሳና በውስጡ ያለው ፈሳሽ ሲፈስ የሚከተለው ራስ ምታት ነው። መበሳቱ ከ100 እናቶች በ1 ገደማ የሚያጋጥም ሲሆን፣ ከእነዚህ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይታመማሉ። እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ጎረቤቴ የሆነች አራስ ገንፎ ለመቅመስ ቀና ባለች ቁጥር ግንባሯን ይዛ ተመልሳ ትጋደም ነበር፤ ቤተሰቦቿ ምች ነው ብለው ለሦስት ቀን ዳማከሴ አሽተውላታል (ሽታውን እኔም እወደዋለሁ፤ ቀዳዳ ግን አይደፍንም)። ከወለደችበት ሆስፒታል ስትወጣ ስለዚህ የነገራት አልነበረም።

ሲተኙ የሚተው፣ ሲቀመጡ የሚብስ ራስ ምታት ወደ ሐኪም የሚያስመልስ ነው፤ በዕረፍትና በማስታገሻ ካልተሻለ ከእናትየዋ ክንድ 20 ሚሊ ሊትር ገደማ ደም ተቀድቶ ቀዳዳውን እንዲደፍን እዚያው ወገቧ ላይ በመርፌ ይሰጣታል። ትኩሳት ያለበት የጀርባ ሕመም፣ የእግር መዛል ወይም ሽንት መቋጠር አለመቻል ከታየ ግን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ታክሲ እስኪገኝ ተብሎ የሚጠበቅ አይደለም።

አንባቢያችሁ፣ ከቱሉ ዲምቱ