ከማልታ ደሴት፣ ለአባቴ

ማልታ፣ የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፤ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ የእግዚአብሔር ቸርነት አልተለየንም፤ ሁላችንም ደኅና ነን። ይህን ደብዳቤ እታለም እንደምታነብልዎ ዐውቃለሁ። እስከ አምና የፋሲካ ደብዳቤዬ ድረስ ግን ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው ራስዎ ያነቡ ነበር። እርሷ በስልክ የነገረችኝን ነገር ቆይቼ አነሣዋለሁ፤ አስቀድሜ ጥያቄዎን ልመልስ።

«የገባህበት አገር ምን ያለ ነው?» ብለውኝ ነበር። አባቴ፣ አገሩን እርስዎ ከእኔ ቀድመው ያውቁታል። ቅዱስ ጳውሎስ ታስሮ ወደ ሮም ሲወሰድ መርከቡ የተሰበረባት፣ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 28 መላጥያ የተባለችው ደሴት ይህችው ናት። ባለፈው ሰኞ፣ የካቲት 3 ቀን፣ የዚያን መርከብ መሰበር መታሰቢያ በዋና ከተማዋ በቫሌታ ሲያከብሩ ልጆቹን ይዤ ሄጄ ነበር። የሐዋርያውን ምስል በትከሻቸው ተሸክመው በጠባቡ መንገድ ሲያልፉ ከየሰገነቱ የሚበተነው ብጥስጣሽ ወረቀት መሬቱን አልብሶት ነበር፤ ታላቋ ልጄ በነጠላዋ ዘግና ወደ ቤት አመጣችው።

ደሴቲቱ ከጎረቤቶቿ ከጎዞና ከኮሚኖ ደሴቶች ጋር ተደምራ 316 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነች የእኛ ጣና ዐሥር እጥፍ ያህል ይበልጣታል። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም፤ ከቧንቧ ከምናገኘው ውኃ የሚበዛው ከባሕር ተስቦ ጨዉ የወጣለት ነው፤ ዓባይ ዳር ላደገ ሰው ይህን መልመድ ጊዜ ይወስዳል። ቤቱ ሁሉ የማር መልክ ባለው የኖራ ድንጋይ የተሠራ ሲሆን ከውጭ ሲያዩት ዓይን ይስባል፣ በብርዱ ወራት ግን እርጥበቱ ከግድግዳው አልፎ አንሶላ ድረስ ይገባል። የትንሹን ልጅ ሳል ያባባሰው እርሱ ስለመሰለኝ ሌላ ቤት እየፈለግሁ ነው፤ ኪራዩ ግን አይቀመስም። ያም ሆኖ ጠዋት በራችን ድረስ በመኪና የሚመጣ ዳቦ፣ ከሥራ መልስ ልጆቹን ይዤ በእግር የምደርስበት ባሕር፣ ስሜን ጠርቶ ሰላም የሚለኝ ጎረቤት አለኝ፤ በጀርመን በኖርሁባቸው ዓመታት ይህን አላገኘሁም።

ከሁሉ በላይ ልነግርዎ የጓጓሁት ስለ ቋንቋቸው ነው። በላቲን ፊደል ይጻፋል እንጂ ከዐረብኛ የወጣ፣ የግዕዝ የሥጋ ዘመድ ነው። ሥራዬ እንደሚያውቁት አረጋውያንን መጦር ነውና የማጥባቸው አንድ የ88 ዓመት ሽማግሌ አሉ፤ ዘመናቸውን ሁሉ ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ ናቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ፎጣውን ይዤ አጠገባቸው ስቀመጥ «ኢድ» ብለው እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ እድ ማለታቸው እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ራስን «ራስ»፣ ዓይንን «ዓይን»፣ ምላስን «ልሲን»፣ ደምን «ደም» ይላሉ፤ ዳቦ ሲፈልጉ «ሖብስ» ይሉኛል፤ እርስዎ ኅብስት ያስባሉኝን ነው። ልጄም ከትምህርት ቤት መጥታ «ሐምሳ፣ ሲታ፣ ሰብዓ» እያለች ስትቆጥር ሐምሳዋ አምስት መሆኑን ለማወቅ አስተርጓሚ አላሻኝም። ግዕዙ ከእኔ የጠፋ መስሎዎት ነበር፤ አልጠፋም፣ አባቴ።

ይህን ካነሣሁ ያንን ቀን መዝለል አልችልም፤ እታለምም ስታነብ አትዝለለው። ቅኔ ቤቱን ትቼ ወደ ባሕር ዳር የሄድሁ ዕለት፣ የ17 ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ስልቻዬን አንግቼ ደጃፍዎ ላይ ቆሜ ምርቃትዎን ስጠብቅ ዓይንዎን ከዳዊቱ ላይ አላነሡም። «ልሄድ ነው አባቴ» አልሁ፤ እርስዎ ብራናውን ገለጡት። እስከ ወንዙ የሸኘችኝ እናቴ ብቻ ነበረች፤ ነፍሷን ይማርና። ኋላ በሠርጌ ቀን መረቁኝ፤ ለልጆቼም ስም ያወጡላቸው እርስዎ ነዎት። ስለዚያ ቀን ግን አንድም ቃል ተነጋግረን አናውቅም። የሰው አባት ፊት በሞቀ ውኃ ባበስሁ ቁጥር ያ ደጃፍ ይመጣብኛል።

አሁን እታለም የነገረችኝ፦ የቀኝ ዓይንዎ ፈጽሞ ጋርዶታል፣ ግራውም እየተከተለው ነው፣ ሐኪሙም ሞራ ነው ብሎ ይገፈፋል ሲልዎ «ያየሁት ይበቃኛል» ብለው ተመልሰዋል። አባቴ፣ እኔን አይበቃኝም። እኒያ ሽማግሌ ሁለቱንም ዓይናቸውን ከሞራ ታክመው ዛሬ ጋዜጣ ያነብባሉ። አንድ እሑድ ጀልባቸው ወደነበረበት ወደ ማርሳሽሎክ ወሰድኋቸው። እዚያ ሉትሱ የሚሏቸው ጀልባዎች በሰማያዊ፣ በቢጫና በቀይ ይቀባሉ፤ ከአፍንጫቸው ግራና ቀኝ ሁለት ዓይን አላቸው። ሽማግሌው አንዱን ዓይን በአውራ ጣታቸው ዳበስ አድርገው፣ የራሳቸውን ጀልባ ዓይን ሳይደበዝዝ በየዓመቱ ያድሱት እንደነበር ነገሩኝ። መልስ አልሰጠኋቸውም፤ አሳቤ እርስዎ ጋር ነበር።

ጠበሉን ይተዉ አልልም፤ ይጠመቁ፣ ሕክምናውንም ያድርጉ። በዚችው ደሴት ሐዋርያው እጁን ጭኖ የፈወሰው የፑፕልዮስን አባት እንደሆነ ለእርስዎ መንገር አያሻኝም፤ ልጅ ስለ አባቱ መጨነቁ በዚህ አገር የቆየ ነገር ነው። ሕክምናው ዓይኑን ብቻ አደንዝዘው የሚሠሩት አጭር ሥራ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የዚያኑ ዕለት ወደ ቤት ይመልሳሉ። ከዚያ በኋላ ግን ለጊዜው መጎንበስ ስለሚከለከል ስግደት አይቻልም፤ እርስዎ ደግሞ የሕማማትን ስግደት እንደማይተዉ ስለማውቅ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን እታለምን ለምኛታለሁ። ዘንድሮ ፋሲካችን ከዚህ አገር ሰዎች ጋር ሚያዝያ 12 ቀን ይገጥማል። ገንዘቡን በእርሷ ስም ልኬአለሁ፤ ለቤት ክዳን እንዳይውል አደራ።

ፈቃዴ የሚደርሰው በነሐሴ ነው። ያን ጊዜ ደጃፍዎ ላይ ስቆም በድምፄ ብቻ እንዲያውቁኝ አልፈልግም፤ ቀና ብለው እንዲያዩኝ እፈልጋለሁ።

የሕክምናው ቀን ሲቆረጥ እታለም ትደውልልኝ። የሌሊት ተረኛ ብሆንም ስልኩ ከኪሴ አይለይም።

ልጅዎ