ብልቃጡን ለአንድ ልጅም ቢሆን ክፈቱ

ለክፍለ ከተማችን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

በቃል አመለከትን። በጽሑፍ አስገባን። አስተያየት መስጫ ሳጥን ውስጥም ከተትን። ከቢሮዎ «ደርሶናል» ያለን እንኳ የለም። ስለዚህ በአደባባይ እጠይቅዎታለሁ። እርስዎ በሚቆጣጠሩት ጤና ጣቢያ ቀጠሯቸው የደረሰ ሕፃናት የኩፍኝ ክትባት ሳይወጉ የሚመለሱት ለምንድን ነው?

ፕሮግራሙን ከእኔ በላይ ያውቁታል። እንደተወለዱ የሳንባ ነቀርሳ መከላከያው ቢሲጂና የፖሊዮ ጠብታ አለ። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት አምስት በሽታዎችን በአንድነት የሚከላከለው ፔንታቫለንትና ሌሎቹ ይቀጥላሉ። በ9 ወር ኩፍኝ፣ በ15 ወር ሁለተኛው ኩፍኝ። ልጄ እስከ 14 ሳምንት ያለውን አንድም አላጓደለችም። ጣጣው የመጣው 9 ወር ሲሞላት ነው።

ያን ጠዋት አግዳሚው ላይ አራት እናቶች ነበርን። ነርሷ ካርዳችንን ሰብስባ አየችና መለሰችልን። «አሥር ልጅ ካልሞላ የክትባቱን ብልቃጥ አልከፍትም፣ ይባክናል። ሐሙስ ተመለሱ።» አጠገቤ የነበረችው እናት ጉሊት ቸርቻሪ ናት። «ባለፈውም እንዲሁ ብላችሁኛል፤ ዛሬም ሥራዬን ትቼ ነው የመጣሁት» አለች። መልስ የሰጣት የለም። ካርዱን አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ወሸቀችና ልጇን አዝላ ወጣች። ሐሙስ የእኔ ልጅ ተከተበች። እሷ ግን አልመጣችም።

ኋላ ነርሷን ለብቻዋ አናገርኳት። ስንት ብልቃጥ እንደባከነ ትጠየቃለች። ስንት ልጅ ሳይከተብ እንደሄደ የሚጠይቃት የለም። ይህን አሠራር የዘረጋው ማን ነው? እሷ አይደለችም።

የኩፍኝ ክትባት ብልቃጥ የ10 ልጅ እንደሆነ፣ ከተበጠበጠ በኋላም ከ6 ሰዓት ጊዜ በላይ እንደማይቆይ አውቃለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ግን ግልጽ ነው፤ አንድ ልጅም ቢመጣ ይከፈት፣ የተረፈው ይደፋ። ልጅ ከእናቱ የወረሰው መከላከያ በ9 ወሩ ተሟጧል። «ሐሙስ ተመለሱ» ስትሉት ባዶ እጁን ነው የምትሸኙት። ኩፍኝ ያለበት ሰው ከክፍል ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ ለ2 ሰዓት ያህል አየር ላይ ይቆያል። ጠንቁም የሳንባ ምች፣ ዓይነ ስውርነትና ሞት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ1 እስከ 2 ዓመት ካሉ 100 ሕፃናት መሠረታዊ ክትባቶችን ጨርሰው የወሰዱት 39 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በየስብሰባው «እናቶች ግንዛቤ ይጎድላቸዋል» ይባላል። ምን ዓይነት ግንዛቤ? እኛ እኮ ካርድ ይዘን በራችሁ ላይ ቆመናል!

ለሁሉም ጤና ጣቢያ በጽሑፍ ይዘዙ፤ ቀጠሮው የደረሰ ልጅ ሳይከተብ አይመለስ። ሳይከተቡ የተመለሱትንም አስፈልጉልን። ስማቸው መዝገቡ ላይ አለ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤታቸውን ያውቁታል። ከዚያች የጉሊት ነጋዴ ልጅ ይጀምሩ።

የሠፈሩ ነዋሪ፣ የአንዲት ሕፃን እናት